የእትዬ ጭስ

ሐኪሟ የላቦራቶሪ ውጤቴን ገልብጣ ጀርባው ላይ አንድ ክብ ሣለች። ክቡ ውስጥ በእስክሪብቶዋ ነጥብ ነጥብ አደረገችበት። «ይኼ ኦቫሪሽ ነው እንበል። እነዚህ ደግሞ እንቁላሎቹን የያዙት ትናንሽ ከረጢቶች።» ቆም ብላ አየችኝና ከነጥቦቹ ግማሽ ያህሉን ሰረዘቻቸው። «በአንቺ ዕድሜ ከዚህ በዛ ብለው ነበር የምንጠብቃቸው።»

በፊት ለፊቱ በኩል ወረቀቱ ኤኤምኤች 0.7 ይላል። ኤኤምኤች በማደግ ላይ ያሉት የእንቁላል ከረጢቶች የሚያመነጩት ሆርሞን ነው፤ ሲያንስ፣ ኦቫሪ ውስጥ የቀረው ክምችት ማነሱን ይጠቁማል። ያለፈው ዓመት ጥቅምት ነው፤ 28 ዓመቴ ነበር። የሄድኩት የወር አበባዬ መዛባት ስላበዛ እንጂ እንዲህ ያለ ሒሳብ ይጠብቀኛል ብዬ አልነበረም። ሐኪሟ ደግ ናት። ሳልጠይቃት፣ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ብዛት እንጂ ስለ ጥራት እንዳልሆነ፣ ለእርግዝና የሚያስፈልገውም አንድ ጤነኛ እንቁላል መሆኑን አስረዳችኝ። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 44 የሆነ 750 ያህል ሴቶችን ተከታትሎ፣ ኤኤምኤቻቸው ዝቅተኛ የሆኑት በተፈጥሯዊ መንገድ ለመፀነስ ከሌሎቹ እንዳላነሱ አሳይቷል። ይህን ያነበብኩት ግን ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ቀን የሰማሁት የእስክሪብቶውን ድምፅ ብቻ ነበር።

«ምን አመጣው?» አልኳት።

ሥራዬ ሶፍትዌር ማበልጸግ ነው፤ የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና። በእኛ ሥራ አንድ ሲስተም ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ተቀየረ?» ነው። ሎጉን ትከፍታላችሁ፣ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ፣ ያቺን የተረገመች መስመር ታገኟታላችሁ። ሰውነት እንዲህ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ግን ልማድ ነው።

«ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም» አለችኝ። «ዘር ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምና፣ የካንሰር መድኃኒት… ሲጋራ ታጨሻለሽ?»

«ኧረ በፍጹም!»

ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሳችን ከስድስት ኪሎ ሽቅብ አንድ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ተከትሎ ይሄድ ነበር። ሲኖትራኩ ዳገቱን ሲይዝ ጥቁር ጭሱን ፊታችን ላይ ለቀቀው። ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ልማዱ ነጠላውን፣ ሻርፑን፣ የጃኬቱን ኮሌታ ወደ አፍንጫው ሳበ። «መስኮት ዝጉ!» አለ ረዳቱ። ሳቄ የመጣው ያኔ ነው። «በፍጹም» ያልኩት እኔ! እትዬ ማድቤት ውስጥ ያደግኩት እኔ!

እትዬ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ ስለሚላት እኛም ልጆቹ ሌላ መጥሪያ አናውቅላትም። ከሽሮ ሜዳ ገበያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ የቀበሌ ግቢ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤትና ለሱቅ ታስረክባለች። ይህን ሥራ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ማድቤቷ ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው፤ ቁመቱ ሦስት እርምጃ፣ ወርዱ ሁለት። መስኮት የለውም። ጭሱ የሚወጣው በበሩና ጣሪያው ሥር ባለችው ክፍተት ነው። ግድግዳው በጥቀርሻ ከመጥቆሩ የተነሣ ያብለጨልጫል።

ሌሊት አሥር ሰዓት ትነሣለች። ሊጡ ኩፍ ማለቱን ታያለች፣ ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰሳለች፣ ከሥሩ ሰጋቱራና የባህር ዛፍ ቅጠል ትማግዳለች። ቅጠል ሲነድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ወፍራም ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ በአንዴ ቦግ ይላል። እንጀራ ጋጋሪ የምትፈልገው ያንን ቦግታ ነው፤ ምጣዱ እኩል ይግላል፣ እንጀራው ዓይን ያወጣል። ቦግታው እስኪመጣ ያለው ጭስ ግን የት ይሄዳል? እትዬ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቀዋለች።

እኔም አጠገቧ ነበርኩ። የጉለሌ ክረምት ከእንጦጦ በሚወርድ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ማድቤቱ ግን ይሞቃል። የማባዛት ሠንጠረዡን የሸመደድኩት እትዬ ጎን ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። የምጣድ ማሟሻዋ የኔ ነበረች፤ ዘይትና በርበሬ ቀብታ ጠቅልላ ትሰጠኛለች። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ «ጭስ ጭስ ትሸቻለሽ» ብላ ቦታ ቀየረች። ይህን ለእትዬ ነግሬያት አላውቅም።

ጭሱ ከእትዬም አልጀመረም። አያቴ እንጨት ተሸካሚ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ አዲሲቱ ዋና ከተማ የምታነደው አጥቷት ስትጨነቅ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ባህር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ ተተከለ፤ እንጦጦንም አለበሳት። ከዚያ ወዲህ የዚህች ከተማ ወጥ ለስንት አሥርት ዓመታት የበሰለው በሴቶች ጀርባ ከእንጦጦ በወረደ ቅጠልና ጭራሮ ነው። አያቴ እናቴን አርግዛ እስከ ሰባተኛ ወሯ ተሸክማለች። እናቴ ይህን ሁሌ ታወራዋለች፣ ለጉራ።

ውጤቴን ከተቀበልኩ በኋላ ግን ወሬውን በሌላ ጆሮ ሰማሁት። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን የምትሠራው ሳትወለድ ነው። እናቷ ማኅፀን ውስጥ አምስተኛ ወሯ ላይ ስትደርስ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ይኖራታል፤ ስትወለድ ወደ 1 ወይም 2 ሚሊዮን ይወርዳል፤ የመጀመሪያውን የወር አበባ ስታይ 300 ወይም 400 ሺህ ይቀራል። ከእነዚህ በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት 400 አካባቢ ናቸው። ሒሳቡ መቀነስ ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ እኔ የተፈጠርኩባት እንቁላል የተሠራችው እናቴ አያቴ ሆድ ውስጥ ሳለች ነው። ያን ቁልቁለት ከነሸክሙ ሦስታችንም ወርደነዋል።

እትዬ ልጅ የላትም። ሰባት ዓመት በትዳር ቆየች። «መካን» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከግቢያችን ሴቶች ነው፤ ቡና ላይ፣ እሷ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል። ምን ማለት ነው ብዬ እናቴን ስጠይቃት በጥፊ አለችኝ። እትዬ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ተመላለሰች፣ ሥር ተቀቅሎላት ጠጣች፣ አንዷ አሽታት ሌላዋ አጠነቻት። (አጠነቻት! እንደገና ጭስ።) ባሏን «አንተስ ተመርመር» ያለው ሰው አልነበረም። ትቷት ሌላ አገባ። ከሁለተኛዋም እንዳልወለደ ከዓመታት በኋላ ሰማን። ያን ጊዜ መጥቶ እትዬን ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ ወሬው እንደ ማንኛውም ወሬ ተወርቶ አለፈ። በ42 ዓመቷ የወር አበባዋ ቆመ። «ቶሎ ደረቀች» አሉ።

በ2011 ዓ.ም. እዚሁ ጉለሌ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመጀመሪያውን የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሲከፍት ዜናውን አብረን አየነው። እትዬ ድምፁን ጨመረች። ሲያልቅ ሪሞቱን አስቀመጠችና «እናንተስ ዕድለኞች ናችሁ» ብላ ሊጧን ልታይ ወጣች።

እና እኔ ጥፋተኛ ፍለጋ ገባሁ። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ፣ ሐኪሟ ስለ ሲጋራ ስለጠየቀችኝ ከሲጋራ ጀመርኩ። የሚያጨሱ ሴቶች ከማያጨሱት በአማካይ አንድ ሁለት ዓመት ቀድመው ያርጣሉ፤ ይህ ከታወቀ ቆይቷል። ትምባሆም ይሁን ባህር ዛፍ፣ ተክል በደንብ ሳይነድ ሲጨስ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ውሁዶች ይወጡታል። እ.ኤ.አ. በ2001 አይጦች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት እነዚህ ውሁዶች እንቁላሏ ውስጥ ያለ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን ላይ ሲያርፉ «ሙች» የሚለውን ጂን እንደሚያበሩባት አሳየ። እንቁላሏ ትእዛዙን ትፈጽማለች። ፕሮግራመር ነኝና ይህች ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ፦ ኮዱ አልተበላሸም፤ የማይገባው ሰው ጠራው እንጂ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ደቃቁ ብናኝ፣ ፒኤም 2.5 የሚባለው ነው። አንዲት የራስ ፀጉር በውፍረቷ ሠላሳ ቦታ ብትከፈል አንዷ ድርሻ የምታህል። ሳንባ አያግደውም፤ በጣም ደቃቆቹ ወደ ደም ይሻገራሉ። ቦስተን ውስጥ ለመካንነት ሕክምና የመጡ 632 ሴቶች ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት፣ ብናኙ በሜትር ኩብ በ2 ማይክሮግራም ከፍ ባለ ቁጥር በአልትራሳውንድ የሚቆጠሩት የእንቁላል ከረጢቶች በ7 በመቶ ያህል አንሰው እንደተገኙ ይናገራል። ልብ በሉ፣ የቦስተን አየር ከእኛ ጋር ሲተያይ የገጠር አየር ነው። በጣሊያኗ ሞዴና ደግሞ ከ1,300 በላይ ሴቶች ኤኤምኤች ሲታይ፣ ብክለት በበረታበት የሚኖሩት ክምችታቸው እጅግ ዝቅ ብሎ የመገኘቱ ዕድል ሁለትና ሦስት እጥፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የቤልጂየምና የስዊድን ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ጥቁር የካርቦን ብናኝን በሴቶች ኦቫሪ ሥጋና እንቁላሏ በተከበበችበት ፈሳሽ ውስጥ ፈልጎ አገኘው። እዚህ ስደርስ ላፕቶፔን ዘጋሁ። ያ የእትዬ ግድግዳ ላይ የሚያብለጨልጨው ነገር ነው።

የእኛስ ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ ዓመታዊ አማካዩ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ እስከ 2016 መጨረሻ ጥቁር አንበሳ ላይ ሲለኩ አማካዩ ከ40 አለፈ። ትልቁ ድርሻ የመኪና ጭስ ነው፤ ቀጥሎ የእንጨትና የከሰል ጭስ፣ ከዚያ የአፈር አቧራ።

እኔ ግን የሰፈሬን ቁጥር ፈለግሁ። እንጦጦ መንገድ ላይ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአየር መለኪያ ነበረው፤ ንባቡን በየሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ይለቅ ነበር። ሁለት መቶ መስመር የማትሞላ የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩና የዓመታቱን ንባብ ጎትቼ ሣልኩት። አቧራ የበጋ ነው፣ ክረምት አየሩን ያጥበዋል ብዬ ነበር የማስበው። ተሳስቼ ነበር፤ መስመሩ ጎበጥ የሚለው በክረምት ነው። ብርዱና ደመናው ጭሱን ከታች ይዘውት ይውላሉ፣ ሰው ደግሞ በየቤቱ ከሰል ያቀጣጥላል። በቀን ውስጥ ሁለት ጉብታ አለ፣ ጠዋትና ማታ። ኅዳር 12 ቀን ደግሞ መስመሩ ጣሪያ ይነካል። ኅዳር ሲታጠን! በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ከፈጀ ወዲህ፣ በሽታውን እናባርር ብለን ቆሻሻ ሰብስበን እናጨሳለን። ያን ግራፍ ለአጎቴ አሳየሁት። በተመስጦ ተመለከተውና በማግስቱ ኅዳር 12 ነበርና ክብሪቱን የጫረው እሱው ነው።

ስክሪፕቷ በየጠዋቱ አንድ ቁጥር ወደ ቴሌግራሜ ትልክልኝ ነበር። በየካቲት 2017 መጨረሻ አንድ ቀን ቀረች። ስህተቱ የኔ ነው ብዬ ግማሽ ቀን ኮዴን ስበረብር ዋልኩ። ኮዱ ደኅና ነበር። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጀት አጠረኝ ብሎ፣ በየአገሩ ያሉ ኤምባሲዎቹ የሚለኩትን የአየር ንባብ ማጋራት አቁሞ ነው። አጥሩ እዚያው አለ፣ ሲኖትራኩም ዳገቱን እየወጣ ነው። ቁጥሩ ብቻ የለም። የሰው ቤት ቴርሞሜትር ስናይ መኖራችን ያኔ ገባኝ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ገጥሞልኝ ነበር፤ መግጠሙ አስፈራኝ። እነዚህ ጥናቶች ብዙ ሴቶችን ከብዙ ሴቶች ጋር ያነጻጽራሉ። ስለ አንዲት ሴት፣ «ያንቺን ያጎደለው ጭሱ ነው» ሊል የሚችል አንድም የለም። ሐኪሜም አላለችም። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን የዴንማርክ ጥናት አገኘሁ፤ 526,056 ወንዶችና 377,850 ሴቶች ያሉበት። እዚያ ፒኤም 2.5 ከመካንነት ጋር የተገናኘው በወንዶች ላይ ነው፣ ከ30 እስከ 45 ባለው ዕድሜ። በሴቶች ላይ ግንኙነቱ አልታየም፤ ከ35 በላይ በሆኑት ላይ የታየው የመኪና ጩኸት ነው። ያን ጥናት ወደድኩት። ነገሬን ስላበላሸብኝ ነው የወደድኩት። የእትዬ ባል ስንት ዓመት ሲኖትራክ ነድቷል? አላውቅም፤ ብቻ ሹፌር ነበር።

ለእጮኛዬ የነገርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ወረቀቱን አሳየሁት፣ ከዚያ የዴንማርኩን ጥናት አሳየሁት፣ ከዚያ ስለ እትዬ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ለመቅጣት እንዳልሆነ ሊገባው ይችላል ወይ ብዬ እየተጨነቅሁ ሳለ «መቼ ልሂድ?» አለኝ። ሐሙስ ሄደ። የሱ ውጤት ደኅና ነው። ደስ አለኝ፤ ግን አልዋሻችሁም፣ ለአንድ ምሽት ከፋኝ።

ለእትዬ ግን እንዴት እንደምነግራት አጣሁ። መጀመሪያ የፈለግሁት እሷን ነጻ ማውጣት ነበር። «እይ እትዬ፣ እርግማን አይደለም፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ምናልባት የዋልሽበት አየር ነው፣ ምናልባትም እሱ ነው» ልላት። በልቤ ደጋግሜ ተለማመድኩት። ስለማመደው ነው ሌላኛው ስለቱ የታየኝ። ጭሱ የማን ነው? አጠገቧ ዱካ ላይ ያስቀመጠችኝ ማን ናት? የዩኒቨርሲቲ የኪስ ገንዘቤ፣ የመጀመሪያዋ ላፕቶፔ ግማሽ ዋጋ ከዚያ ምጣድ የወጣ ነው። እሷን ከ«መካን» የሚያወጣት ዓረፍተ ነገር፣ የኔን 0.7 አንሥቶ እሷ ራስ ላይ ያስቀምጠዋል።

በመጀመሪያ ደመወዜ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቼላት ነበር። ለበዓል ካልሆነ አትለኩሰውም፤ ግቢው በአንድ ቆጣሪ አምስት አባወራ ነው፣ ምጣዱ ሲሰካ ሁሉም ቤት ይጨልማል። ለብቻዋ ቆጣሪ ካመለከትን ወራት አለፉ። እስከዚያ ጣሪያውን ቀደን ጭስ ማውጫ እናብጅ አልኩ። ከማበጀታችን በፊትና በኋላ ያለውን ልለካ፣ ሰው በሻንጣው ያመጣልኝን ትንሽ የሌዘር ብናኝ መለኪያ ከአንዲት ሰሌዳ ጋር አገናኝቼ፣ በሳሙና ዕቃ ውስጥ አድርጌ ቅዳሜ ሌሊት ማድቤቱ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት።

«ምንድን ነው?» አለች እትዬ።

«አየር የሚመዝን ነው።»

«አየር ተመዝኖ ሊሸጥ ነው በይኛ» ብላ ቅጠሉን ማገደች። ስልኬ ላይ 40 ነበር። 90 ሆነ፣ 260 ሆነ፣ 500ን አለፈ። ሠሪዎቹ እስከ 500 ድረስ ነው የሚተማመኑበት፤ ከዚያ በላይ ያለውን እኔም አላምነውም።

«ስንት አለ?»

«አምስት መቶ አልፏል።»

«ስንት ነበር ደጉ?»

«ለሃያ አራት ሰዓት ከአሥራ አምስት እንዳይበልጥ ነው የሚባለው።»

ሊጡን ዙሪያውን አፈሰሰችና ከደነችው። ቦግታው መጣ። በብርሃኑ ፊቷን አየሁት፤ ዓይኗ እንደ ሁሌው ያለቅሳል፣ እሷ ግን እያለቀሰች አልነበረም።

«ሲበዛ ምን ያደርጋል?»

«ሳንባ ይጎዳል። ልብም።»

«ሌላስ?»

ዝም አልኩ። እናቴ እንደነገረቻት ያኔ አወቅሁ።

«የሄድሽበት ሐኪም ቤት ይኼንን ነው ያሉሽ?»

«እትዬ፣ እነሱ እንዲህ አላሉም። እኔ ነኝ ያነበብኩት። በጭሱ ነው ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ማንም የለም። ያንቺንም ቢሆን…»

«የኔን ተዪው።» ክዳኑን አነሣች፣ እንጀራውን በሰፌዱ አወጣችው፣ ምጣዱን ጠረገች። የሚቀጥለውን ሊጥ ልትቀዳ ጣሳውን አንሥታ ቆመች። «ተነሺ ከዚያ።»

«እትዬ…»

«ተነሺ፣ ውጪ። በሩ ጋም አትቁሚ፣ ወደ በሩ ነው የሚመጣው። ከቧንቧው ወዲያ።»

ወጣሁ። ግቢው ጨለማ ነበር። ከቧንቧው ወዲያ ቆሜ ሳይ፣ በሩን በጭሱ መሐል እንደ ቀይ ሽንቁር አየዋለሁ፤ ጎንበስ ቀና ትላለች። ስልኬ አሁንም ቁጥር እየላከልኝ ነው።

«አንቺም ውጪ እንጂ!» አልኳት ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ነፋስ እስኪያገኝ!»

«ገና ሠላሳ ይቀረኛል» አለችኝ ከውስጥ።